በአባያ ባሕር ዳር፤ ስለ ደሴትና ስለ እሳት

ባለፈው የጥር ወር የችሎት ሥራ ጥቂት ፋታ ስለ ሰጠን፥ ባለቤታችንንና የዐሥር ዓመት ልጃችንን ይዘን ከዲላ ከተማ ወደ አባያ ባሕር ወረድን። ጉዞው ሩቅ አይደለም፤ ማለዳ የተነሣ ሰው ለማታ ከቤቱ ይገባል። ነገር ግን በዚያ ባሕር ዳር ካየነውና ከሰማነው የተነሣ፥ ሠላሳ ዓመት ያህል ተከድኖ የኖረ አንድ ጉዳይ ስለ ተገለጠብን፥ ቤትና ልጅ ላለው ሁሉ ትምህርት ይሆን እንደ ሆነ ብለን በዚህ በቤተ ሰብ ገጽ ልንጽፈው ወደድን።

ዲላ ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ 360 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፥ ወደ ሞያሌ በሚወስደው ታላቅ መንገድ ላይ የተቆረቆረች የጌዴኦ ዞን ዋና ከተማ ናት። ከፍታዋም ከባሕር ወለል በላይ 1,570 ሜትር ያህል ነው። አገሩ በስተ ምሥራቅ ወደ ደጋው ወደ ቡሌ እየወጣ፥ በስተ ምዕራብ ደግሞ ወደ ስምጥ ሸለቆ እየወረደ ይሄዳል። የጌዴኦን ተራራ ከሩቅ ያየ እንግዳ ሰው ያልገባበት ዱር ይመስለዋል፤ ሲቀርበው ግን የሰው ጓሮ ሆኖ ያገኘዋል። ከላይ ዋንዛው፥ ብርብራውና ዝግባው፤ ከእነርሱ ሥር እንሰቱ፤ ከእንሰቱ ጥላ ሥር ቡናው፤ ከሁሉ በታች ደግሞ ጎመኑና ቦዬው ተደራርበው ይበቅላሉ። በአንድ ካሬ ኪሎ ሜትር ላይ ከ500 የሚበልጥ ሰው እየኖረበት ዛፉ ሳይጠፋ መቆየቱ የሚያስደንቅ ነው። ስለዚህም የዓለም ቅርስ ኮሚቴ በመስከረም 2016 ዓ.ም. በሪያድ ከተማ ባደረገው ጉባኤ የጌዴኦን ባህላዊ መልክዓ ምድር በዩኔስኮ መዝገብ አስገብቶታል።

በጉዞው አንድ የጌዴኦ ሽማግሌ አብረውን ነበሩ። እኒህ ሰው ባላጋራዎችን ለማስታረቅ ወደ ችሎት ሲመላለሱ የተዋወቅናቸው ናቸው። በጎልማስነታቸው ከብት ይዘው ወደ ቆላው ይወርዱ ስለ ነበረ መንገዱን ከነታሪኩ ያውቁታል። ኦቶሞቢላችን በጓንጓ በኩል ወደ ምዕራብ ባዘቀዘቀ መጠን ጥላው እየሳሳ ሄደ። እንሰቱ ቀረ፤ ቡናውም ቀረ፤ በምትካቸው ግራርና እስከ ጉልበት የሚደርስ ቢጫ ሣር መጣ። ሽማግሌውም በመስኮት እየተመለከቱ፥ «ከዚህ በታች ያለው አገር በበጋ ወራት ክብሪት ማለት ነው» አሉን።

አባያ በስምጥ ሸለቆአችን ካሉት ባሕሮች ሁሉ በስፋት የሚበልጥ ሲሆን፥ ስፋቱ ከ1,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ነው። በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ቦተጎ የተባለ ኢጣልያዊ አገር መርማሪ በአገሩ ንግሥት ስም «ማርጌሪታ» ብሎ ሰይሞት ነበር። ነገር ግን ይህ ስም ከካርታ አልፎ በባላገሩ አፍ ስላልገባ፥ እነሆ ዛሬም አባያ ይባላል። የውኃው መልክ ሰማያዊ ሳይሆን ቀይ ቡናማ ነው፤ ምክንያቱም ወንዞች ከደጋው አጥበው የሚያመጡት ደቃቅ አፈር ወደ ታች ሳይዘቅጥ በውስጡ ተንሳፍፎ ስለሚኖር ነው። ከእነዚህም ወንዞች መካከል በእኛ በኩል የሚወርዱት ጊዳቦና ገላና ይገኙባቸዋል። በባሕሩ ላይ ደሴቶች አሉ፤ ከእነርሱም አንዱ ጊዲቾ ይባላል። የደሴቲቱ ሰዎች ዓሣ በማጥመድ፥ ቀድሞም ጉማሬ በማደን የታወቁ ናቸው፤ በውኃ ዳር ከሚበቅል ቀላል እንጨት በሚሠሩት ታንኳም ይመላለሳሉ።

ከአንድ ትልቅ ግራር ጥላ ሥር ተቀምጠን የባሕሩን አራዊት መመልከት ጀመርን። ልጃችን አስቀድሞ ያየው አዞውን ነው። አሸዋ ላይ ተጋድሞ፥ የፀሐዩን ሙቀት ከሰውነቱ ለማስወጣት አፉን ከፍቶ ሳይንቀሳቀስ ስለ ቆየ፥ የሞተ መስሎት ነበር። ራሱ ነጭ የሆነው ዓሣ በል ንስርም በውኃ መካከል ከቆመ ደረቅ ግንድ ላይ ሆኖ ይጮሃል። ከመንቆራቸው ሥር ከረጢት የመሰለ ቆዳ ያላቸው ነጫጭ የውኃ ወፎች እንደ ወታደር ተሰልፈው ዓሣውን ወደ ዳር ይነዳሉ። ከእነርሱ አለፍ ብሎ ጉማሬዎቹ ነበሩ፤ ጆሯቸውና አፍንጫቸው ብቻ ከውኃው በላይ ይታያል። አንዱ ሲሰጥም ልጃችን ትንፋሹን ይዞ ይቆጥር ጀመር፤ ነገር ግን ጉማሬ እስከ አምስት ደቂቃ በውኃ ውስጥ ሊቆይ ስለሚችል ልጁ አስቀድሞ ተሸነፈ፤ እናቱም ሳቀችበት።

ወደ ቀትር ገደማ ከባሕሩ ማዶ ካለው ተራራ ላይ ጢስ ሲነሣ አየን። መጀመሪያ እንደ ክር የቀጠነ ነበር፤ ቈይቶ ግን ሰፍቶ በሰማዩ ላይ ተዘረጋ። ያን ጊዜ ልጃችን ወደ ደሴቱ አሻግሮ እያየ፥ «አባባ፥ ያ ደሴት እሳት ቢይዘው ዙሪያው ሁሉ ውኃ ስለ ሆነ ወዲያው ይጠፋ የለም ወይ?» ብሎ ጠየቀን። እኛም «አዎን» ልንለው አፋችንን ከከፈትን በኋላ የላሃይና ወሬ ትዝ ስላለን ዝም አልን።

ላሃይና በሰላማዊው ውቅያኖስ መካከል ካሉት ከሐዋይ ደሴቶች በአንዲቱ፥ በማዊ ላይ ያለች የወደብ ከተማ ናት። በ19ኛው መቶ ዓመት የሐዋይ ነገሥታት መናገሻ ነበረች። በብርዱ ወራት ታላላቆቹ ዓሣ ነባሪዎች ከአላስካ ባሕር ወደዚያ ሞቃት ውኃ ወርደው ይወልዳሉ፤ ሕዝቡም እኛ ጉማሬውን እንደ ተመለከትን በጀልባ ሆኖ ይመለከታቸዋል። ነሐሴ 2 ቀን 2015 ዓ.ም. ማለዳ ከተበጠሰ የኤሌክትሪክ ሽቦ በደረቅ ሣር ላይ እሳት ተነሣ። የእሳት አደጋ ሠራተኞች ደርሰው አጠፉት፤ ፈጽሞ ጠፍቷል ብለውም ከሥፍራው ሄዱ። ከቀትር በኋላ ግን ብርቱው ነፋስ ተዳፍኖ የቀረውን ፍም አስነሣው። በጥቂት ሰዓት ውስጥ ከ2,000 የሚበልጡ ሕንጻዎች ነደዱ፤ ከ100 በላይ ሰዎችም ሞቱ። መሸሻ ያጡት ወደ ባሕር ዘለው እየገቡ፥ ከበስተ ኋላቸው ከተማቸው ሲነድ አዩ። የከሰዓቱ እሳት ከማለዳው እሳት ፍም የተነሣ መሆኑንም መርማሪዎች በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ባወጡት መግለጫ አስታወቁ።

ይህ የአንዲት ደሴት ዕድል ብቻ አይደለም። በዚያው ዓመት በሐምሌ ወር ሮድስ ከተባለችው የግሪክ ደሴት ወደ 19,000 የሚሆኑ ሰዎች ከእሳት ሸሽተዋል፤ አንዳንዶቹንም ከባሕር ዳር ያወጧቸው ጀልባዎች ናቸው። በአውስትራልያም ካንጋሩ በተባለችው ደሴት በ2012 ዓ.ም. ታኅሣሥና ጥር ከ200,000 ሄክታር በላይ ነደደ፤ ይኸውም ከደሴቲቱ እኩሌታ ጥቂት ቢያንስ ነው። እንግዲህ ውኃ ደሴትን ቢከብበውም ከእሳት አያድነውም፤ ይልቁንም የሰውን መሸሻ ይዘጋበታል።

ይህን ለልጃችን በምንነግርበት ጊዜ ሽማግሌው ያዳምጡ ነበር። ከዚያም፥ «ያ ሣር እንዲህ እስኪበዛ ድረስ የሚበላው ከብት አልነበረም ወይ?» ብለው ጠየቁን። ጥያቄያቸው ከነገሩ ሥር የገባ ነበር። በላሃይና አጠገብ የነበረው የሸንኮራ ፋብሪካ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1999 ከተዘጋ በኋላ እርሻው ጦሙን ስላደረ፥ ከውጭ አገር ለከብት መኖ የገባ ሣር ወረሰው። ከዚያም ሣር አንዳንዱ ዘሩ ከአፍሪካ የሄደ ነው። በአገሩ ሳለ ጎሹ፥ ጉማሬውና የባላገሩ ከብት ይግጡታል፤ በዚያ ግን የሚበላው ስለ ጠፋ ቆሞ ደረቀ። ሽማግሌውም ፈገግ ብለው፥ «እንግዲያስ የጐደላቸው ጉማሬ ነዋ!» አሉና ተነሥተው አንድ ነገር ሊያሳዩን ወሰዱን።

ከባሕሩ ዳር ጥቂት ከፍ ብሎ ምድሩ ጠቁሯል፤ በቅርብ ቀን ከላይ የወረደ የሣር እሳት አልፎበት ነበር። ነገር ግን ጥቁሩ ምድር በአንድ መሥመር ላይ በምላጭ እንደ ተቆረጠ ሆኖ ያበቃል። ከዚያ መሥመር እስከ ውኃው ድረስ ሣሩ አጭርና አረንጓዴ ነው፤ የታጨደ መስክ ይመስላል። ያጨዱት ጉማሬዎቹ ናቸው። ጉማሬ ቀን በውኃ ይውላል፤ ሌሊት ወጥቶ ወደ 40 ኪሎ የሚሆን ሣር ይግጣል። እሳቱም ከዚያ ሲደርስ የሚበላው ስላጣ ቆመ። የውኃው አውሬ በየብስ ላይ እንዲህ ያለ የዘበኝነት ሥራ እንዳለው ያን ቀን ተማርን። የብሱም በፈንታው ለውኃው ያስፈልጋል፤ ተራራው በተቃጠለና ባዶውን በቀረ ጊዜ ዝናም አፈሩንና አመዱን አጥቦ ወደ አባያ ያወርደዋልና።

«በእናንተስ በጌዴኦ ምድር እሳት እንዴት ነው፥ አባቴ?» ብለን ጠየቅናቸው። «እኛ እሳትን የምንከለክለው በውኃ ሳይሆን በጥላ ነው» ብለው መለሱልን። ነገሩም እውነት ነው። እንሰት በግንዱና በቅጠሉ ውኃ ይቋጥራል፤ የዛፉ ጥላ ምድሩን ርጥብ ያደርጋል፤ የረገፈው ቅጠል ሳይደርቅ ይበሰብሳል። በየጓሮው ሰው ስለሚኖር ጢስ ገና ሲነሣ የሚያይ ዓይን አለ። ስለዚህ የጌዴኦ ተራራ ራሱ በቢጫው ቆላ አጠገብ እንደ አረንጓዴ ደሴት ነው፤ የሚጠብቀውም ባሕር ሳይሆን የሰው እጅ ነው።

ይህ እጅ ቸል ባለበት ሥፍራ ምን እንደሚሆን አገራችን አይታለች። በ1992 ዓ.ም. የካቲትና መጋቢት በባሌና በቦረና የተነሣው እሳት ብዙ ሺሕ ሄክታር ደን በልቶ፥ ከውጭ አገር ጭምር ባለሙያዎች መጥተው ረድተው ነበር። በ2011 ዓ.ም. መጋቢትም የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ነድዶ፥ ከእስራኤል የመጡ እሳት አጥፊዎች ከባላገሩ ጋር ተሰልፈዋል። ነገር ግን እሳት ራሱ ጠላት ነው ማለታችን አይደለም። የቦረና አርብቶ አደር በጥንቱ ሥርዐት ጊዜና ነፋስ መርጦ አሮጌውን ሣር ያቃጥል ነበር፤ በዚህም መዥገሩ ይጠፋል፥ አዲስ ሣርም ይበቅላል። ከ1960ዎቹ ዓመታት መጨረሻ ጀምሮ ይህ ፈጽሞ ስለ ተከለከለ ግን ግጦሹን እሾህና ቁጥቋጦ ወረሰው። እንግዲህ ክልከላ ብቻውን መድኃኒት አይሆንም፤ እሳትን በወቅቱ የሚለኩስና በወቅቱ የሚያጠፋ አዋቂ ያስፈልጋል።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ባለቤታችን ቡና አፈላች። ጠጥተን ልንነሣ ስንል ሽማግሌው ምድጃውን ለብቻቸው ሊሰናበቱት ቀሩ። ውኃ አፈሰሱበት፤ በእንጨት ገለባበጡት፤ ዳግመኛ አፈሰሱበት፤ አፈር መለሱበት። በመጨረሻም መዳፋቸውን በአመዱ ውስጥ አግብተው ጥቂት ቆዩ። ልጃችን በመገረም፥ «ጠፍቶ የለም ወይ?» ሲላቸው፥ «ልጄ፥ ዓይን ይዋሻል፤ እጅ ግን አይዋሽም» አሉት።

ይህን ባየን ጊዜ ፊታችን ተለወጠ። ባለቤታችንም «ምን ሆንህ?» አለችን። እኛም ለማንም ያልነገርነውን ነገር በዚያ ባሕር ዳር ተናገርን።

የዐሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ሆነን በጐጃም በአንድ ደብር የቆሎ ተማሪ ነበርን። የደብሩ ደን ከሩቅ ሲያዩት በእርሻ ባሕር መካከል የቆመ ደሴት ይመስላል። በሰሜኑ ደጋ ከጥንቱ አገር በቀል ደን የቀረው አብዛኛው በአብያተ ክርስቲያናት ዙሪያ መሆኑን፥ ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴን የመሳሰሉ ሊቃውንት በጥናታቸው ገልጠዋል። በዚያ ደን ውስጥ ባለ አንድ የወይራ ሽንቁር ንብ ሰፍሮ ነበር። በመጋቢት ወር አንድ ምሽት ረኃብ ቢጸናብን ችቦ ለኩሰን ንቡን በጢስ አባረርን፤ ማሩንም ቆርጠን በላን። እሳቱን ረግጠን ጠፍቷል ብለን ተኛን። ሌሊት ነፋስ ተነሣ፤ ጎሕ ሳይቀድ በስተ ምዕራብ ያለው የደኑ ጥግ ሁሉ አመድ ሆነ።

በማግሥቱ የኔታ ተማሪውን ሁሉ ሰብስበው ጠየቁ፤ እኛም ከትምህርት ቤት እንዳንባረር ፈርተን ዝም አልን። በመንደሩ ጫፍ ከሰል እያከሰለ የሚኖር አንድ ድኻ ነበረ፤ ሰው ሁሉ በእርሱ አመካኘ። ቢምልም የሚሰማው አጣ። ሚስቱንና ልጁን ይዞ ከመንደሩ ሲወጣ በዓይናችን አይተናል። እኛ ከዚያ ወደ ሚሲዮን ትምህርት ቤት ገባን፤ በኋላም የፍርድ ቤት ጸሐፊ ሆንን። በዚህ ጽሑፍ እንደ ልማዳችን «እኛ» እያልን እንጽፋለን እንጂ፥ በዚያች ሌሊት ሌላ ሰው አልነበረም፤ ችቦውን የለኮሰችው እጅ ይህን ብዕር የያዘችው ናት።

እሳት ለኩሶ የባልንጀራውን እህል ያቃጠለ ሰው እንዲከፍል በኦሪት ዘጸአት መታዘዙን ከልጅነታችን ጀምሮ እናውቃለን፤ የዛሬውንም ሕግ በየቀኑ እንገለብጣለን። ባለፈው ዓመት አንድ ገበሬ ገለባ ሲያቃጥል እሳቱ አምልጦት የጐረቤቱን ጎጆና ቀፎ ስላጠፋ ተከስሶ ቀረበ። ዳኛው ሲጠይቁት፥ «የለኮስሁት እኔ ነኝ፤ ጠፍቷል ብዬ ነበር» አለ። ሳይሸሽግ ስላመነ ቅጣቱ ቀለለለት። ቃሉን በመዝገብ የጻፍነው እኛ ነን። «ጠፍቷል ብዬ ነበር» የሚለውን ስንጽፍ እጃችን ቆመ፤ ዳኛውም ቀለም ያለቀብን መስሏቸው ሌላ ብዕር አቀበሉን።

ይህን ሁሉ ከተናገርን በኋላ ሽማግሌው ብዙ ጊዜ ዝም ብለው ቆዩ። በመጨረሻም፥ «በእኛ አገር እንዲህ ያለ ነገር በሸንጎ ፊት ይነገራል፤ የተበደለው ባይገኝ ዘመዱ ይፈለጋል። ያልተነገረ ነገር እንደዚህ ነው» ብለው ወደ አመዱ አመለከቱን። ልጃችን ምንም አልተናገረም፤ ነገር ግን ወደ ምድጃው ተመልሶ እርሱም መዳፉን በአመዱ ውስጥ አገባ። ወደ ዲላ ስንመለስ መሽቶ ነበር፤ ከማዶ ያለው ተራራም በጨለማ ቀልቶ ይታይ ነበር።

የቤት እመቤቶችና አባወራዎች ሆይ፤ የከሰል ምድጃችሁን በቤት ውስጥ ትታችሁ አትተኙ፤ የምታጠፉትንም እሳት በእጃችሁ ፈትኑት። ልጆቻችሁን እሳት እንዳይነኩ ብቻ ሳይሆን እንዴት እንደሚጠፋም አስተምሯቸው። ጥፋት ቢያደርጉም ለመናገር የማይፈሩበትን ቤት ሥሩላቸው፤ እኛ ያን ቀን ያጣነው ይህን ነውና። በየአገሩ ሥልጣን የያዛችሁ ሹማምንትም፥ ማር ቆራጩን፥ ከሰል አክሳዩንና አራሹን እሳት ከተነሣ በኋላ ከመክሰስ አስቀድማችሁ በጥቅምትና በኅዳር፥ ሣሩ ሳይደርቅ፥ ሰብስባችሁ ምከሩት። ሳይርቅ በቅርቡ፥ ሳይደርቅ በርጥቡ ይባላልና።

እኛም ከጉዞው እንደ ተመለስን ለዚያች ደብር አለቃ ሁሉን ዘርዝረን ደብዳቤ ጻፍን። መልሱ በዐቢይ ጾም መካከል ደረሰን። ያ ከሰል አክሳይ ከሞተ ብዙ ዓመት ሆኖታል፤ ልጁ ግን አድጋና አግብታ ከደብሩ የግማሽ ቀን መንገድ ርቃ ትኖራለች። በሚመጣው ሰኔ፥ ምድር በረጠበ ጊዜ፥ ልጃችንን ይዘን ወደዚያ እንሄዳለን። የተቃጠለው ጥግ እስከ ዛሬ ባዶ ስለ ሆነ የወይራና የዝግባ ችግኝ እንተክልበታለን። ከመትከላችን በፊት ግን ሕዝቡ በተሰበሰበበት፥ በዚያች ሴት ፊት ቆመን፥ አባቷ እሳቱን እንዳልለኮሰ እንናገራለን።